መድኃኒቱ በውኃ፣ የታመመችው ግን አትጠጣም፦ በ24 ቄቦች ላይ የደረሰ የኮክሲዲያ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ዳርቻ በአንድ መኖሪያ ግቢ በክረምት የደረሰ ነው። ኮክሲዲያ የዶሮን አንጀት የሚያጠቃ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው። ስሙ አዲስ አይደለም፤ ዶሮ ያረባ ሁሉ «ደም የቀላቀለ ተቅማጥ» ሲባል ያውቀዋል። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ትክክለኛው መድኃኒት ከተገኘ በኋላም ዶሮዎች ስለሞቱና የሞቱበትም ምክንያት ስለታወቀ ነው። የቤተሰቡ አባላትም ሆኑ የረዳቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስማቸው አልተጠቀሰም።

ዳራ

እማወራዋ በሰኔ መጨረሻ 24 የቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ቄቦችን ከአንድ አሳዳጊ በ45 ቀናቸው ገዙ። የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም በቫይረስ የሚመጡ የዶሮ በሽታዎች) ክትባታቸው በካርድ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። ቤቱ 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ሲሆን በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። አምስት ካሬ ሜትር ለ24 ቄብ አይጠብም። መጨናነቅ የዚህ ጉዳይ መንስኤ እንዳልነበረ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነውና።

ሦስት ነገሮች ግን በአንድ ጊዜ ተገጣጠሙ። አንደኛ፣ ከአሳዳጊው አብሮ የመጣው የጫጩት መኖ የኮክሲዲያ መከላከያ የተቀላቀለበት ነበር። ያ ሲያልቅ እማወራዋ የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅለው መስጠት ጀመሩ። ምግቡ መጥፎ አልነበረም፤ መከላከያው ግን በአንድ ቀን ተቋረጠ። ሁለተኛ፣ ሐምሌ ሲገባ ቆርቆሮው በአንድ ምስማር ቀዳዳ ማፍሰስ ጀመረ፤ ጠብታው የሚወድቀውም መጠጫው አጠገብ ነው። ሦስተኛ፣ መጠጫው መሬት ላይ የተቀመጠ ሳህን ስለነበር ቄቦቹ ሲረግጡት ይደፋል። በሳህኑ ዙሪያ አንድ ክንድ የሚሆን ጉዝጓዝ ጠቁሮና ረጥቦ ይውል ነበር።

ኮክሲዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው። ዶሮዋ በኩሷ የምታወጣው የተውሳኩ እንቁላል እንደወጣ አይጎዳም። ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ያስፈልገዋል፤ ሞቅ ባለና በረጠበ ጉዝጓዝ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የበሰለውን የለቀመች ቄብ፣ አንጀት ውስጥ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ዓይነት ከሆነ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ደም ትቀዝናለች። ስለዚህ ዛሬ ደም ከታየ፣ ስህተቱ የተሠራው ባለፈው ሳምንት ነው።

ምልክቱና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

የመጀመሪያው ቀን፦ ጠዋት መኖ ሲሰጥ ሁለት ቄቦች አልመጡም። ላባቸውን ነፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። እማወራዋ ነጭ ሽንኩርት ከሎሚ ጋር ወቅጠው በውኃ ሰጡ። ሽንኩርቱ አልጎዳም፤ አንድ ቀን ግን ወሰደ።

ሁለተኛው ቀን፦ አንዷ ሞተች። በቆጡ ሥር ያለው ኩስ ላይ ቡና የሚመስልና ጥሬ ደም የቀላቀለ ነጠብጣብ ታየ። ልጃቸው ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሄዶ «ዶሮዎቹን አስቀምጧቸዋል» አለ፤ ደሙን አልጠቀሰም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ተሸጠለት። ይህ መድኃኒት ለባክቴሪያ ነው፤ ኮክሲዲያ ባክቴሪያ አይደለም። ሻጩ «ኩሱ ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቅ ወይም ልጁ በፌስታል ጥቂት ኩስ ይዞ ቢሄድ ሁለት ቀን ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛው ቀን፦ ሁለት ሞቱ። ሌሎች አራት ኩርምት ማለት ጀመሩ። ጎረቤቶች «ሳይሞቱ እረዷቸው» አሉ፤ ሌላው «ለገበያ አውጪያቸው» አለ። እማወራዋ ሁለቱንም እምቢ አሉ። በሽታ ላይ ያለን መንጋ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለአሥር ቤት ማከፋፈል ነው፤ በእኛ አገር ፈንግልም ከመንደር መንደር የሚዛመተው በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

ምርመራው

በአራተኛው ቀን ማለዳ አንድ ተጨማሪ ሞታ ተገኘች፤ 20 ቀሩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የደረሱት በዚህ ቀን ነው። መጀመሪያ የክትባት ካርዱን አዩ፤ ከዚያ አንገት የተጠማዘዘባት፣ እግር ወይም ክንፍ የሰነፈባት፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ መኖሯን ፈለጉ። አልነበረችም። ፈንግል ቢሆን ኖሮ ሥራው ሌላ ይሆን ነበር፦ መድኃኒት የለውም፣ በሩ ይዘጋል፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገራል። ጉምቦሮም በብዛት የሚመታው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉትን ነው፤ ተቅማጡም ነጭና ውኃማ ነው። እነዚህ 9 ሳምንት ሞልቷቸዋል።

ቀጥሎ ጠዋት የሞተችውን ከፈቷት። ጓንት ተደረገ፣ ላባዋ በውኃ ረጠበ (ብናኝ እንዳይነሣ)፣ ከዶሮ ቤቱ ራቅ ብሎ በላስቲክ ላይ ተሠራ። የሚፈለገው አንድ ቦታ ነው፤ ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚጋጠሙበት የሚወጡት፣ ጫፋቸው የተዘጋ ሁለት ከረጢቶች፤ ዕውር አንጀት ይባላሉ። በጤነኛ ዶሮ ቀጫጭንና ቡናማ ናቸው። በዚህች ቄብ የሰው ጣት ያህል አብጠው፣ ጥቁር ቀይ ሆነው፣ ሲቀደዱ የረጋ ደም ሞልቷቸው ተገኙ። ደረቷ ላይ ያለው ሥጋ ነጥቷል፤ ደሟ አልቋልና። የኩስ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ተላከ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በማይክሮስኮፕ የተውሳኩ እንቁላል በብዛት መታየቱ ተነገረ። ሕክምናው ግን ውጤቱን አልጠበቀም፤ መጠበቅም አልነበረበትም።

መድኃኒቱና መጠኑ

የተመረጠው አምፕሮሊየም 20 በመቶ ዱቄት ነው። ተውሳኩ ቫይታሚን ቢ1ን እንዳያገኝ በማድረግ ያስርበዋል። ለከባድ ጉዳይ መጠኑ በአንድ ሊትር 240 ሚሊ ግራም ነው፤ በ20 በመቶው ዱቄት ሲሰላ በሊትር 1.2 ግራም ይመጣል። ይህ ለ5 ቀን ይሰጥና ወደ ሩቡ፣ ማለትም በሊትር 0.3 ግራም ዝቅ ይላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ልኩ ነው የሚያስቸግረው። በዚህ ዕድሜ ያለች ቄብ በቀን ወደ 100 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ለ20ው በቀን 2 ሊትር ይበቃል። 2 ሊትር ማለት 2.4 ግራም ዱቄት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ይህን አይመዝንም፤ የሻይ ማንኪያም እንደ ዱቄቱ እብጠትና እንደ ሰዉ እጅ ይለያያል። የተደረገው እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ባመጡት 0.1 ግራም በሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ሰባት ጊዜ 2.4 ግራም ተመዝኖ በሰባት የደብተር ወረቀት ተጠቀለለ። አምስቱ ለአምስት ቀን፣ በየማለዳው አንድ። የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው በቢላ ጫፍ በአራት ተከፍለው ለ8 ቀን። ዱቄቱ መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይሟሟል፣ ከዚያ ወደ 2 ሊትሩ ይገባል። ሌላ የመጠጫ ውኃ ከግቢው ተነሣ፤ የቆርቆሮው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ባልዲ ጭምር። ቄብ የዝናብ ውኃ ካገኘች የመድኃኒቱን ጣዕም አትመርጥም።

ውኃው ከተቀየረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለሙያው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተው «እናቴ፣ ይህን ውኃ የምትጠጣው የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ። የሚጠጡት ንቁዎቹ ነበሩ። ኩርምት ካሉት ስድስቱ አንዷም ወደ መጠጫው አልሄደችም።

በውኃ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ ይህ ችግር አለበት። የመንጋውን ጤነኛ ክፍል ከመታመም ያድናል፤ የታመመችው ጋ ግን አይደርስም።

ስድስቱን ለብቻ ማስታመም

ስድስቱ ተለይተው በሁለት ካርቶን፣ በዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጋዜጣ በተነጠፈበት ተቀመጡ። እያንዳንዷ እግሯ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ታሰረላት። ያለ ክር «ያቺ የደከመችው» ማለት በሦስተኛው ቀን ምንም ማለት አይሆንም። ጋዜጣው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ አሮጌው ይቃጠላል።

ሙቀት ከምግብም ከመድኃኒትም ይቀድማል። የቀዘቀዘች ዶሮ የተሰጣትን አትፈጭም፤ አንገቷ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ይቆይና ይበላሻል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ትኩስ ውኃ (የፈላ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይኮማተራል) በጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ ይቀመጣል፤ የሞቃት ወደ ሌላው ወገን መሸሽ እንድትችል። በየ3 ሰዓቱ ይቀየራል። የተፈለገው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው። አፏን ከፍታ ካለከለከች በዝቷል። በመጀመሪያው ምሽት ቤተሰቡ የከሰል ምድጃ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር፤ ሌሊት ሳይደርስ ወጣ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰውንም ይገድላል፤ ወፍ ደግሞ ከሰው ትቀድማለች።

የሚሰጣቸው በቀን ስድስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ነበር። አራቱ ያው መድኃኒት ያለበት ውኃ፣ ሁለቱ አንድ ሊትር ውኃ የሚፈልገው የኦ አር ኤስ ከረጢት ብጥብጥ። ኦ አር ኤስ ሲያልቅ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተደረገ። ሁሉም የእጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲል ሞቅ የሚል፣ የማያቃጥል መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ነው አንዷ በስህተት የሞተችው። ልጁ መንቆሯን ከፍቶ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዘንብሎ በማንኪያ አፈሰሰ። ጉሮሮዋ ተንኮረኮረ፣ ክንፏን አራገፈች፣ በደቂቃዎች ውስጥ አለፈች። የዶሮ የአየር ቧንቧ አፉ ከምላሷ ሥር በስተኋላ፣ መሐል ላይ ተከፍቶ የሚታይ ቀዳዳ ነው። ቀጥ ብሎ የፈሰሰ ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ልጁን መውቀስ አይገባም፤ ለሰው ልጅ ሽሮፕ የሚሰጠው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠራበት መንገድ፦ ቄቧ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ክንፏ ታስሮ፣ አንገቷ በተፈጥሮ አቀማመጡ ይያዛል። በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (ያለ መርፌው) በመንቆሯ ጎን፣ ከላይኛውና ከታችኛው መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል። ራሷ ትውጣለች፤ መዋጧ አንገቷ ላይ ይታያል። ከዋጠች ሁለተኛ ጠብታ። 15 ሚሊ ሊትር በዚህ መንገድ ለአንዷ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለአምስቱ አርባ ደቂቃ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ይህ አራት ሰዓት ነው፤ ዶሮን በቤቱ ማስታመም የሚፈልግ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ሁለቱ መዋጥ ሲያቅታቸው ባለሙያው ለስላሳ የሕፃን መመገቢያ ቱቦ፣ 8 ቁጥር፣ ተጠቀሙ። ቱቦው ከመንቆሯ ጫፍ እስከ አንገቷ ሥር ከረጢት ተለክቶ በፕላስተር ምልክት ተደረገበት። በውኃ ረጠበ። የአየር ቀዳዳው በዓይን ከታየ በኋላ ቱቦው በእሷ ቀኝ በኩል፣ ከቀዳዳው ጀርባ አልፎ እንዲወርድ ተደረገ። ከወረደ በኋላ አንገቷን በጣት ሲዳስሱ ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ ቀለበት ቀለበት ያለው የአየር ቧንቧና ከጎኑ ለስላሳው ቱቦ። ሁለት ካልተገኘ ምንም አይገፋም፤ ቱቦው ይወጣል። ሲወጣም በጣት ቆልምሞ ነው፤ አለበለዚያ በቱቦው የቀረው ጠብታ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ሥራ ሰው ሲሠራ ሳያዩ ከጽሑፍ ብቻ መሞከር አይመከርም።

ምግብ የተጀመረው በሁለተኛው የማስታመም ቀን፣ ሙቀታቸው ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ እጅ የጫጩት መኖ በሦስት እጅ ሞቅ ያለ ውኃ ርሶ፣ በጨርቅ ተጣርቶ እንደ ቀጭን አጥሚት ተሰጠ። 8 ቁጥር ቱቦ ለውኃ እንጂ ለአጥሚት አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ተደፈነ። ቀጣዩ ከመሰጠቱ በፊት የምግብ ከረጢቱ ይዳሰሳል፤ ባዶ ካልሆነ ይዘለላል።

በየማለዳው ምግብ ሳይሰጥ ተመዘኑ። ላባ ውሸታም ነው፤ ያበጠች የምትመስል ቄብ ውስጧ አጥንት ሊሆን ይችላል። ሲለዩ ከ600 እስከ 655 ግራም የነበሩት ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀነሱ። ሦስቱ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መጨመር ጀመሩ። አንዷ በአምስተኛው ቀን ሌሊት ሞተች። ቢጫ ክር የነበራት ከ600 ወደ 480 ወረደች። በተከታታይ ሦስት ማለዳ ቀንሳ፣ ያደረው አጥሚት ሳይወርድላት፣ ራሷን ማንሣት ሲያቅታት በዘጠነኛው ቀን ባለሙያው ከሥቃይ ሊገላግሏት ገደሏት። መድኃኒት ላይ ስለነበረች አልተበላችም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረች። እነዚህ ሦስት መለኪያዎች አስቀድሞ በወረቀት ስለተጻፉ ቤተሰቡ በዚያ ማለዳ አልተከራከረም።

ያልሠራው

በረኪና። ቤተሰቡ የዶሮ ቤቱን ወለል በበረኪና አጥቦ ነበር። የኮክሲዲያ እንቁላል ቅርፊት በረኪናን ይቋቋማል፤ የሚገድለው ሙቀትና ድርቀት ነው። በክረምት ፀሐይ ስለማይታመን ጉዝጓዙ እስከ አፈሩ ተጠርጎ ወጣ፣ ወለሉ ላይ የፈላ ውኃ ፈሰሰ፣ ቄቦቹ በረንዳ ላይ ሆነው በሩ አንድ ሙሉ ቀን ተከፍቶ ደረቀ። የወጣው ጉዝጓዝ ለጎረቤት ጎመን ሊሰጥ ነበር፤ ያ ጎረቤትም ጫጩት ነበረው። ተከምሮ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ እንዲግል ተተወ።

ሁለተኛው ቫይታሚን ነው። በአምስተኛው ቀን «ጉልበት እንዲሰጣቸው» የቢ ቫይታሚን ድብልቅ መጠጫው ውስጥ ተጨመረ። ከላይ እንደተባለው አምፕሮሊየም የሚሠራው ቢ1ን በመከልከል ነው፤ አንዱ እጅ የሚወስደውን ሌላው እጅ ሲመልስ እንደማለት ነው። ወዲያው ተደፋ። ቫይታሚን የተሰጠው መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ውጤቱ

ከ24ቱ 17 ተረፉ። ሰባቱ እንዲህ ሞቱ፦ አራት ትክክለኛው ሕክምና ሳይጀመር፣ አንዷ በማጠጣት ስህተት፣ አንዷ በበሽታው፣ አንዷ ከሥቃይ እንድትገላገል ተገድላ። በዶሮ ቤቱ ከቀሩት 14 መካከል ሁለቱ በአምስተኛው ቀን ደም ቢያሳዩም መጠጣት ስላላቆሙ አልሞቱም። የመጨረሻው ደም የታየው በሰባተኛው ቀን ነው። አሥራ አራቱ በ20ና በ21 ሳምንታቸው እንቁላል ጀመሩ። በካርቶን የታመሙት ሦስቱ በ24ኛው፤ አንዷ እስካሁን ከሌሎቹ ታንሳለች።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

መድኃኒት በውኃ ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ግራም?» ብቻ ሳይሆን «የማትጠጣው የትኛዋ ናት?» ነው። እሷ በእጅ ትጠጣለች። ለዚያ ጊዜ የሌለው ሰው ጥቂቶቹን መርጦ ቢያስታምም ሁሉንም በከፊል ከማስታመም ይሻላል።

መድኃኒት ቤት ሲኬድ ኩስ በፌስታል ይያዝ። «አስቀመጣቸው» የሚለው ቃል አምስት በሽታ ይይዛል።

መከላከያ ያለበት መኖ ሲቋረጥ የአየሩ ሁኔታ ይታይ። የመኖ ለውጡ በየካቲት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም ባልታየ ነበር። በክረምት ግን ለውጡ ከመደረጉ በፊት ቆርቆሮው መደፈን ነበረበት። በትንሽ በትንሹ ለተውሳኩ የተጋለጡ ዶሮዎች መከላከያ አቅም ያዳብራሉ፤ ችግር የሚመጣው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲለቅሙ ነው።

መጠጫው አሁን በአራት ጡብ ላይ፣ በቄቦቹ ጀርባ ከፍታ ልክ ተቀምጧል፤ ሥሩ ወንፊት ሽቦ አለ፣ የሚንጠባጠበውም ከሽቦው በታች ይቀራል። እማወራዋ በየማለዳው ከመጠጫው አጠገብ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጠው ይለቃሉ። ከተበተነ ይተዉታል፤ ተጨምቆ እንደተጨበጠ ከቀረ ያን ቦታ ብቻ በአካፋ አንሥተው ደረቅ ሳጋቱራ ይጨምሩበታል።